ጋሪ ሠሪው፣ ጀልባውና የእናቴ መኪና

የጋሽ ስንሻውን ሞት የሰማሁት ዳንግላ መናኸሪያ አጠገብ ጎማ ሳስነፋ ነው። ጎማ ነፊው ቀና እንኳ ሳይል «ያ እንቢ ባይ ሽማግሌ ትናንት ማታ አረፈ፤ ቀብሩ ዛሬ ስድስት ሰዓት ነው» አለኝ። እኔ የምኖረው እንጅባራ ነው፤ ማንም ደውሎ አልነገረኝም። ጥቁር ነጠላ ከጎረቤት ሱቅ ተውሼ በቀጥታ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ።

ቀብሩ ላይ የሕይወት ታሪካቸውን አንድ ዘመዳቸው አነበበ። «አቶ ስንሻው ትሑት፣ ለሁሉም እሺ ባይ፣ ከማንም ጋር ክፉ ደግ ሳይነጋገሩ የኖሩ ሰው ነበሩ» አለ። ከኋላዬ የቆመ አንድ ባለ ጋሪ ሳቁን በጋቢው አፈነ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ በግኜ ቀረሁ። ሰው ሲሞት ለምን ኖራ ይቀባል? እሺ ባይ ሰውማ በየደጁ ሞልቷል፤ ሁላችንም እሺ ባዮች ነን። ጋሽ ስንሻውን እሺ ባይ ማለት ሰውየውን ሁለት ጊዜ መቅበር ነው። ስለዚህ እሳቸውን እንደነበሩ የምናገረው እኔ ነኝ፤ ደስ ያላለው ይተወው።

ጋሽ ስንሻው ዳንግላ ገበያ ጀርባ ጋሪ ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ረጅም፣ ከሲታ፣ ቀኝ ትከሻቸው ከግራው ዝቅ ያለ። ጭቃ የመሰለ ባርኔጣ ነበራቸው፤ ሲናደዱ ወደ ኋላ፣ ሲያስቡ ወደ ፊት ይገፉታል። ብረት ሲገዙ በጣታቸው አንጓ መታ መታ አድርገው ጆሯቸውን ያስጠጋሉ፤ ድምፁ ካልጣማቸው ባለ ሱቁ ቢለምን ቢቀንስ ወይ ፍንክች። እንቢ ከማለታቸው በፊት ደግሞ እጃቸውን ከወገባቸው ባሰሩት ጆንያ ጠረግ ጠረግ ያደርጋሉ። የሚያውቃቸው ሰው ያን ካየ ክርክሩን ትቶ ይሄዳል።

«ፈረስ አፍ የለውም፤ አፉ እኔ ነኝ» ይሉ ነበር። ጋሪው ላይ ከልክ በላይ የጫነ ሰው ካዩ መንገድ መሃል አስቁመው ያስወርዱታል። የራሳቸውን ደንበኛ፣ ገንዘቡን የከፈላቸውን ሰው! አንድ ጊዜ አንድ ባለ ሆቴል ለበሩ ማስጌጫ የሚሆን ቀለም የተቀባ ጋሪ እንዲሠሩለት፣ እንግዶች እየተቀመጡ ፎቶ እንዲነሱበት ፈለገ። ዋጋውን እጥፍ አደርጋለሁ አለ። እጃቸውን ጠረጉ። «ፈረስ የማይጎትተው ጋሪ አልሠራም። አልጋ ከፈለግህ አናጢ ጋ ሂድ» አሉት። ባጃጅ ከተማውን ሞልቶት ሥራ በቀዘቀዘበት ወቅት ነው ይህን ያሉት፤ ባለቤታቸው ሳምንት ሙሉ አኮረፏቸው።

ጋሪ ሲያልቅ የሚፈትኑበት የራሳቸው መንገድ ነበራቸው። ፈረሱን አያስገቡም። ጋሪውን ጭነው፣ ፈረሱ በሚቆምበት ቦታ ራሳቸው ይቆሙና ዘንጎቹን ወደ ላይ ያነሳሉ። ከዚያ አቡነ ዘበሰማያት ይደግማሉ። እጃቸው «ሲሳየነ» ከማለታቸው በፊት ከተንቀጠቀጠ ጭነቱ ወደ ፊት አዝሟል፤ የፈረሱን ጀርባ ይሰብራል። ዘንጉ በጣት ከተነሳ ደግሞ ጭነቱ ወደ ኋላ አዝሟል፤ ፈረሱን ከሆዱ ያንጠለጥለዋል፣ ቁልቁለት ላይ ጋሪው እየተወዛወዘ ፈረሱን ይጥለዋል። አሜን ላይ በጭንቅ የሚደርስ ክብደት፣ እሱ ልክ ነው። ዳንግላ ውስጥ ጋሪ የሚገዛ ሰው ሁሉ ያን አሜን ሳይሰማ ብር አይከፍልም ነበር። ከአባታቸው እንደተማሩት ነግረውኛል፤ አባታቸው ግን ቀስ ብለው ይደግሙ ነበር አሉኝ።

አሁን ወደ ወንድሜ ልምጣ። ወንድሜ ጌትነት ዳንግላ ነው የሚኖረው፤ ሐሳብ የማያልቅበት ሰው ነው። ዘንገና ሐይቅ ላይ ጎብኚ የሚያንሸራሽር ጀልባ ላስገባ አለና ባለ ስምንት ወንበር፣ ከኋላው ሞተር ያለው ጀልባ ገዝቶ በጭነት መኪና ዳንግላ ግቢው አስወረደ። ክረምት ሲመጣ ጀልባውን አውጥቶ ቤቱ ሊያሳድር፣ በበጋ ወደ ጥርባ ሐይቅም ሊወስደው አስቧል። ለዚህ ሁሉ ምልልስ የጭነት መኪና መለመን ሰለቸው። ስልኩ ላይ ፈረንጆች በቤተሰብ መኪና ጀልባ ሲጎትቱ አየ። አለቀ፤ ከዚያ በኋላ ማን ይመልሰዋል?

የቤተሰብ መኪና ያለን ደግሞ አንድ ናት፤ እኔ የምነዳት ባለ ሰባት ወንበር ቫን። ይህችን መኪና ሦስት ወንድምና እህት አዋጥተን የገዛናት ለእናታችን ነው። እናቴ የልብ ሕመምተኛ ናት፤ በየአሥራ አምስት ቀኑ ባሕር ዳር ሐኪም ዘንድ ትሄዳለች፣ የአውቶቡስ ግፊያ የምትችለው አይደለም። መኪናዋ የእናቴ እግር ናት ማለት ነው። ካምቢዮዋ ቢበላሽ፣ ገደል ብትገባ፣ የምናጣው መኪና ብቻ አይደለም። ይህን ለጌትነት ብነግረው «ጀልባ እኮ ነው፤ ላባ ነው» አለኝ። እኔ እሱን መሟገት ስላቃተኝ ጋሽ ስንሻው ጋ ወሰድኩት። ለአባታችን ጋሪ ሠርተውለት ስለነበር ያውቁናል።

ጌትነት ጀልባውን ተሸክሞ መኪናዋ የምትጎትተው ባለ ጎማ ተጎታች እንዲሠሩለት ጠይቆ የገዛውን ዕቃ ዘረገፈላቸው። ከመኪናው ባምፐር ጋር የሚታሰር ብረት፣ የብረቱ ጫፍ ላይ የሚቀመጥ የብረት ኳስ፣ ኳሱን የሚውጥ የተጎታች አፍ፣ ሰንሰለት፣ መብራት። ጋሽ ስንሻው ዕቃውን አላዩትም። መኪናዋን አዩ።

«ይህች መኪና ስንት ትጎትታለች?» አሉኝ።

«አላውቅም ጋሽዬ።»

«መጽሐፍ የላትም?»

«በጃፓንኛ ነው።»

«ፈረሱን ሳታውቁ ነዋ ጋሪ የገዛችሁት።»

ጌትነት ሳቀባቸው፤ ግን መጽሐፉን ከመኪናዋ ኪስ አውጥቶ በስልኩ ፎቶ እያነሳ አስተረጎመው። ስልኩ ግማሹን ቅኔ አደረገው፤ የገባን ነገር ግን አንድ ነው፦ ተጎታቹ የራሱ ፍሬን ከሌለው የእኛ ጀልባ ከነሞተሩ ከልክ በላይ ነው፤ ፍሬን ካለው ግን መኪናዋ ባዶውን ጀልባ ትችላለች። ጋሽ ስንሻው ባርኔጣቸውን ወደ ፊት ገፉ። «ፈረስ ቁልቁለት ሲወርድ በመቀመጫው ጋሪውን ሲገታው አይተሻል?» አሉኝ። «መኪናሽ መቀመጫ የላትም። ጋሪው ራሱን ይግታ።» መኪናው ሲይዝ ተጎታቹም በራሱ ግፊት የሚይዝ ፍሬን እንዳለ ጌትነት ከስልኩ አሳያቸው። ቀድሞም ያውቀው ነበር፤ ውድ ስለሆነ ነው የተወው። «ይህን ታመጣለህ፤ ሳታመጣ አንድ ቡሎን አላስርም» አሉት።

ከዚያ ከመኪናዋ ሥር በጀርባቸው ተንሸራተው ገቡ። በዚያ ዕድሜያቸው! እግራቸው ብቻ ውጭ ቀርቶ ከሥር ይናገራሉ። «ይህ ባምፐር የምትሉት ፕላስቲክና ቆርቆሮ ነው። ጀልባህን ከልብሷ ጋር ነው የምታስረው? ከአጥንቷ ጋር እሰር።» ከሥር ያለውን ወፍራም ብረት በጣታቸው አንጓ ሲመቱት ይሰማኛል። ያመጣው ማያያዣ ተጣለ፤ ከግራና ቀኝ ሻንሲው ጋር የሚታሰር ሌላ ራሳቸው ለኩ፣ ጎረቤታቸው በያጁ በየደው። በያጁ ሁለት ጊዜ አፍርሶ እንደገና በይዷል፤ ብረቱን መትተው ድምፁ አልጣማቸውም።

ኳሱ ላይ ደግሞ ሌላ ጦርነት ተነሳ። ጌትነት ኳሱን ከባሕር ዳር፣ የተጎታቹን አፍ ከአዲስ አበባ ነው ያስመጣው። «ይኸው ገጠመ፣ ይኸው ተዘጋ» እያለ ያሳያቸዋል። ጋሽ ስንሻው ኳሱን ግራሶ ቀቡት፤ አፉን ዘጉበት፣ ወዘወዙት፣ ከፈቱት። አፉ ውስጥ ግራሶው የነካው አናቱን ብቻ ነው፤ ጎኖቹ ደረቅ ናቸው።

«ይጫወታል» አሉ። «የሚጫወት ነገር አንድ ቀን ይወጣል።»

«ሁለት ሚሊ እኮ ነው ጋሼ!»

«ታዲያ ገደል ስትገባ በሜትር መስሎህ ነው?»

እጃቸውን ጠረጉ። ጌትነት ኳሱን ሊያስለውጥ ባሕር ዳር ድረስ ተመለሰ፤ እያማረረ፣ ለሚያገኘው ሁሉ «ሽማግሌው ደም ግፊት ሊያስይዘኝ ነው» እያለ። ጋሽ ስንሻው አንድ ነገር ብቻ ሳይጣሉ ተቀበሉ። ሁለቱ ሰንሰለቶች ከማያያዣው ሥር ተሻግረው፣ ግራው ወደ ቀኝ፣ ቀኙ ወደ ግራ መታሰር አለባቸው ሲባል «ለምን?» ብለው ጠየቁ፤ ራሳቸው አሰቡት። ኳሱ ቢወጣ የተጎታቹ አንገት መሬት ከመውጋት ይልቅ ሰንሰለቱ ላይ እንደ ሕፃን አንቀልባ ያርፋል። ፊታቸው በራ። «ይህን ያሰበ ሰው የትም ይወለድ የት፣ ጋሪ ሠሪ ነው» አሉ። በሰው ሥራ እንዲህ ሲደሰቱ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ተጎታቹን ሠርተው ሲጨርሱ ባዶውን ጀልባ ጫኑበት፤ የጀልባው አፍንጫ የሚያርፍበት ብረት ፊት ለፊት ተክለው አፍንጫውን አስደገፉት። ከዚያ እንደ ጋሪው የተጎታቹን አንገት በሁለት እጃቸው አንስተው አቡነ ዘበሰማያት ደገሙ። አሜን ላይ ደረሱ። ጸሎቱን ትንሽ ያፋጠኑት መስሎኝ ነበር፤ ሥራ በዝቶባቸው ነው ብዬ ተውኩት። «ቦታው ይኸው ነው» አሉ። «አንድ ነገር ግን ስሙኝ። ይህ ለባዶ ጀልባ ነው። የሚጫን ነገር ካለ እንደገና ይነሳል።»

ጀልባው ዘንገና የሚገባበት ቀን ተቆረጠ። ጌትነት እንግዳ ጠርቷል፤ በማግስቱ ሐይቁ ዳር ድግስ አለ። እኔ የዚያን ዕለት እናቴን ከባሕር ዳር ሐኪም እየመለስኩ ስለነበር በዳንግላ ሳልፍ ጀልባውን ጎትቼ እንጅባራ እንድወስድ ተስማማን። ከምሳ በኋላ ጌትነት ደጃፍ ስደርስ ምን ባይ ጥሩ ነው? ጀልባው ተጭኗል። ከሞተሩ ጎን ሁለት ጆንያ ጤፍ። ከጤፉ ጎን የጠላ ጀሪካኖች። ሙክት በግ ከኋላ ወንበር እግር ጋር ታስሯል። ወንበሮቹ ላይ ደግሞ አራት ዘመዶቻችን ተቀምጠዋል፤ የጌትነት ሚስት አክስት ጥላቸውን ዘርግተዋል።

አትፍረዱብን። ባዶ ነገር ወደ ዘመድ አገር ይዞ መሄድ በእኛ አገር ነውር ነው። ባዶ ጋሪ፣ ባዶ መኪና፣ ባዶ አህያ እንኳ ሲሄድ «አድርሱልኝ» የሚል ይመጣል፤ ቦታ እያለ የለም ማለት አይቻልም። ወንበር ያለው ጀልባ ወደ ድግስ እየሄደ አክስትን በሚኒባስ ሂጂ ማለት ያስወቅሳል። እኔም ያን አውቃለሁ። ልቤ ግን ደስ አላለውም፤ መኪናዋን ሳስነሳ ከኋላዋ ቀለል ብላ ተሰማችኝ። ይህን የምናገረው ለራሴ እንዳላዳላ ነው፤ እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ፣ እየተሰማኝ፣ ዝም ብዬ ነዳሁ።

ገበያው ጀርባ ስንደርስ ጋሽ ስንሻው መንገድ መሃል ቆመዋል። አቆምኩ። አላናገሩኝም፤ በጎን አልፈው ወደ ኋላ ሄዱ። በመስታወት ሳያቸው በመኪናዋና በጀልባው መካከል ያለው ብረት ላይ፣ የተጎታቹ አንገት ላይ፣ ተቀመጡ። ወረድኩ። ጌትነትም ከጀልባው ዘሎ ወረደ።

«ምነው ጋሼ?»

«አየህ? እኔ ሥጋ የሌለኝ ሽማግሌ ስቀመጥበት ዝቅ አለ። ጭነትህ ሁሉ ከኋላ ነው፤ መኪናዋን ከጅራቷ አንጠልጥለሃታል። ቁልቁለት ላይ ጅራቷን ይወዘውዛታል። ሰዉም ይውረድ፣ በጉም ይውረድ፣ ጤፉም ይውረድ።»

«ቀስ ብለን ነው የምንሄደው።»

«እንቢ።»

«ጋሼ፣ ነገ እንግዳ አለብኝ። ሰው ፊት አያዋርዱኝ።»

«እንቢ አልኩህ። ከፈለግህ በእኔ ላይ ሂድ።»

ገበያተኛው ተሰበሰበ። አክስትየው ከጀልባው ላይ ሆነው «ኧረ ምን ዓይነት ሰው ነው፣ ሽምግልና የት ሄደ» ይላሉ። ጌትነት ፊቱ ቀላ፤ «ይህን ሁሉ ወር ያሰቃዩኝ አንሶ!» አለ። ትራፊክ ፖሊስ መጣ። ጉዳዩ ሲነገረው ጀልባውን ዞሮ ዞሮ አየው፤ ብረት ላይ መቀመጥ የሚከለክል ደንብ ይኑር አይኑር ግራ ገባው መሰለኝ። «አባት፣ ይነሱና እንነጋገር» አላቸው።

«አንተ ሥራህን ብትሠራ እኔ እዚህ አልቀመጥም ነበር። ሰው በጀልባ ተጭኖ በአስፋልት ሲሄድ ታያለህ፣ የምታስነሳው ግን እኔን ነው?»

ጌትነት ወደ እኔ ዞረ። «ሙሉ፣ ግቢና አስነሺው። ሲንቀሳቀስ ይነሳሉ።»

ቁልፉ በእጄ ነው። የመኪናዋ በር ተከፈተና እናቴ ወረደች። ቀስ ብላ፣ የመኪናዋን ጎን እየተደገፈች መጣችና ጋሽ ስንሻው ፊት ቆመች። በአገውኛ ተነጋገሩ፤ ሁለቱም የገጠር ልጆች ናቸው። «በእውነት ይጥለናል?» አለቻቸው። «ላይጥላችሁ ይችላል» አሉ። «እኔ ግን ይችላል ብዬ ሰው አልሰድም።» እናቴ ወደ ጌትነት ዞረችና በአማርኛ «በጉን አውርደው» አለችው።

በጉ ወረደ። ጤፉ ወረደ፣ ጠላው ወረደ። አክስትየው ጥላቸውን አጥፈው፣ በቁጣ ማንም እንዳይደግፋቸው ብለው ወረዱ። ጌትነት ጥርሱን ነክሶ ቆሟል። ገበያው ሁሉ ሽማግሌው አሸነፈ እያለ ያጉረመርማል። እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ጋሽ ስንሻውን እንቢ ባይ ብዬ በልቤ አኑሬ ዝም እል ነበር።

ጋሽ ስንሻው ኳሱን አስከፈቱና ተጎታቹን ከመኪናዋ አላቀቁ። «ሲጫንም ሲወርድም ይነሳል» አሉ። ባርኔጣቸውን አውልቀው አንገቱን በሁለት እጃቸው አነሱ። አቡነ ዘበሰማያት ጀመሩ። «ሲሳየነ» ከማለታቸው በፊት እጃቸው ተንቀጠቀጠ። አስቀመጡት።

«ፊቱ ከብዷል። ሲወጡ ሲወርዱ ገፍተውታል። ጀልባውን አንድ ስንዝር ወደ ኋላ ሳቡት።»

ወጣቶች ተረባርበው ሳቡት። እንደገና አነሱ። እጃቸው ከመጀመሪያውም ቀድሞ ተንቀጠቀጠ። «ገና ነው፤ አንድ ስንዝር ጨምሩ።» ተሳበ። ሦስተኛ አነሱ። «ይትቀደስ ስምከ» ላይ ነበሩ፤ ክርናቸው ድረስ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። አስቀመጡት።

የጀልባውን አፍንጫ አዩ። አፍንጫው የሚያርፍበትን ብረት አዩ፤ ራሳቸው የተከሉትን፣ «ቦታው ይኸው ነው» ያሉትን። በሁለቱ መካከል አሁን ሁለት ስንዝር ክፍተት አለ። ጀልባው ወደ ኋላ በሄደ ቁጥር አንገቱ መቅለል ነበረበት፤ እሳቸውን ግን እየከበዳቸው ሄደ። ቀኝ እጃቸውን ገልብጠው አዩት።

እኔ የገባኝ ያኔ ነው። ሌላ ማንም አልገባውም። «በቃ ልክ ነው» ቢሉ ሰው ሁሉ ያምናቸው ነበር፤ ከዳንግላ ጫፍ እስከ ጫፍ ከዚያ እጅ በላይ የሚታመን ነገር አልነበረም። እንጀራቸው እሱ ነው። ያውም አሁን፣ ወንድሜን ገበያ ፊት ካዋረዱት በኋላ።

«ጀልባው አይደለም» አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ጀልባው ልኩ ላይ ነበር። እጄ ነው። እጄ አልቋል፤ ካለቀ ቆይቷል፣ እንቢ ብዬው ነው። ጀልባውን ቦታው መልሱት።»

ጀልባው ተመልሶ አፍንጫው ብረቱን ነካ።

«ጌትነት፣ ና። አንተ አንሳው።»

ወንድሜ ሊስቅ ይችል ነበር። «አላልኩም?» ሊል ይችል ነበር፤ አፉ ላይ እንደነበረ እኔ እህቱ አውቃለሁ። ኮቱን አውልቆ ለእኔ ሰጠኝና ጎንበስ አለ። የተጎታቹን አንገት አነሳ። «ቀስ ብለህ ድገም» አሉት ጋሽ ስንሻው። «እንደኔ አታፋጥን።» ጌትነት ገበያ መሃል አቡነ ዘበሰማያትን ድምፁን አውጥቶ ደገመ። ሲሳየነ አለፈ። ኅድግ ለነ አበሳነ ላይ ትከሻው ተወጠረ። ጋሽ ስንሻው ዓይናቸውን ከእጁ ሳይነቅሉ አብረው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። አሜን ላይ ደረሰ፤ በጭንቅ። «ልክ ነው?» አላቸው ጌትነት። «እኔን አትጠይቀኝ፤ የያዝከው አንተ ነህ» አሉት። «ልክ ነው» አለ ወንድሜ።

ዘመዶቻችን በሚኒባስ ሄዱ፤ በጉና ጤፉ በሌላ ተጫኑ። እኔ እናቴንና ባዶውን ጀልባ ይዤ አዲስ ቅዳምን አልፌ እንጅባራ ገባሁ። መኪናዋ አንድም ጊዜ ጅራቷን አልወዘወዘችም። በማግስቱ ጀልባው ዘንገና ላይ ዋለ፣ ድግሱም ሞቀ። ጋሽ ስንሻው ተጠርተው አልመጡም፤ «ውሃ አላውቅም» ብለው ላኩብን።

ከዚያ ቀን በኋላ ማንም ጋሪ አላሠራቸውም። ሰው ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ እጄ አልቋል ያሉት ራሳቸው ናቸው፣ ሰውም አመናቸው። ሥራ ቤታቸው ተዘጋ። እናቴን ሐኪም ጋ ባመላለስኩ ቁጥር በዳንግላ ሳልፍ እየቆምኩ እጠይቃቸው ነበር፤ ደጃፋቸው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የሚያልፈውን ጋሪ ሁሉ ይሰድባሉ። መጨረሻ ያየኋቸው ጊዜ ጥያቄዬን መያዝ አቃተኝ።

«ጋሽዬ፣ ያን ቀን ዝም ብለው ጀልባውን ቢያስመልሱት ኖሮ ማንም አያውቅም ነበር። ተሳስቻለሁ፣ መልሱት ብሎ ማለፍ ነበር። እጄ ነው ማለት ምን አመጣው?»

ተቆጡኝ። እንደዚያ ተቆጥተውኝ አያውቁም።

«እጄ ነው ባልል ማን ያነሳው ነበር? ያው እኔ ነኛ! አራተኛ አነሳለሁ፣ ይንቀጠቀጣል፣ እዋሻለሁ። ስንት ፈረስ እንደበደልኩ እንኳ አላውቅም፤ ማታ ማታ እሱን እቆጥራለሁ። ፈረስ አፍ የለው፤ አይከሰኝም።» ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ያን ቀን ግን እናትሽ አጠገቤ ቆማ ታየኝ ነበር። ይጥለናል ወይ ብላ ጠይቃኛለች እኮ።»

እናቴ ቀብራቸው ላይ አልነበረችም፤ ስላልሰማች። እንጅባራ ገብቼ ስነግራት ነጠላዋን ለበሰችና «አስነሺው፣ ለቅሶ እንድረስ» አለችኝ። መሽቷል፣ ነገ እንሄዳለን ብላት «እንቢ» አለች። ያን ማታ ወሰድኳት።